«ልጄ ውድ ናት» ፦ ሁለት ቀን በአርብ ገበያ

ወደ አርብ ገበያ የሄድነው ልንገበይ አልነበረም። የሄድነው ለሽምግልና ነው። ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም. ነበር። የእህቴ ልጅ ደብረ ታቦር ሥራ ይዞ ሳለ የተዋወቃትን ልጅ ከወላጆቿ ለመጠየቅ ሦስት ሆነን ተነሣን። አንደኛው አጎቴ ሐጂ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ጅዳ ኖረው የተመለሱ፣ ዐረብኛው ከአማርኛው እኩል የሚቀናቸው ሰው። ሁለተኛው የአጎቴ የረጅም ጊዜ የንግድ ሸሪክ የሆኑ የትግራይ ሙስሊም ናቸው፤ ሁላችንም «አቦይ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ። ለሽምግልናው የተመረጥኩት ግን ቋንቋ ስለማውቅ አይደለም፤ ሻንጣ የሚሸከም ወጣት ስላስፈለገ ነው። (ወጣትነቴ በአጎቴ ሚዛን ነው እንጂ የሦስት ልጆች አባት ነኝ።)

ከባሕር ዳር ተነሥተን በወረታ በኩል አቀናን። ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚያልፈውን መንገድ ያገሩ ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ የሠሩት ቻይናውያን ናቸውና። ደብረ ታቦር ሲታለፍ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና በስተቀኝ ተኝቶ ይታያል። ከዚያ ነፋስ መውጫ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ምንም አልጨመረበትም፤ ከመኪናው ወርደን ገና ሁለት እርምጃ ሳንሄድ የአጎቴን ሻሽ ነፋሱ ወስዶት አንድ የሱቅ በር ላይ አገኘነው። ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ከተማ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ታች ጋይንትን ነበርና ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ደቡብ ወረድን። «ላይ» እና «ታች» የሚሉት ስሞች በካርታ ላይ ትርጉም የላቸውም፤ በጆሮ ግን አላቸው። ብርዱ እየለቀቀን ሄደ፣ ጆሯችን ተከፈተ፣ ገብሱ ቀርቶ የጤፍና የማሽላ ገለባ መታየት ጀመረ። ከፊት ለፊት፣ የበሽሎ ሸለቆ ገደል ወደ ሰማያዊነት ተለውጦ ይታያል። ማዶው ወሎ ነው።

ጋይንት በአገራችን የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው የቤተ ክህነት ትምህርቱ ነው፤ የድጓ ተማሪ ከየትም አገር መጥቶ ትምህርቱን የሚያስመሰክርባት ቤተልሔም በዚሁ ምድር ናት። ሁለተኛው ደግሞ ድርቅ ነው፤ የ1977ቱን ዓመት እዚህ ያላስታወሰ ሽማግሌ አላገኘንም። ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። ነገር ግን በዚህ በበጌምድር አገር ያለ ሙስሊም ነጋዴ ገበያ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጣና በስተምሥራቅ፣ ከይፋግ አጠገብ ያለችው ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ሆና ለዘመናት ኖራለች፤ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ በእነዚህ ሰዎች ግመልና በቅሎ ላይ ነበር የሚመላለሰው። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ከወሰነ በኋላ እንኳ ገበያው ላይ መለየት አልተቻለም። ማን ከማን ጋር ይገበያያል ታዲያ?

ስለ ከተማዋ ስም አንድ ነገር ልበል። አርብ ገበያ ማለት ዓርብ ዓርብ የሚቆም ገበያ ማለት ነው፤ እንደ ሰኞ ገበያ፣ እንደ ሐሙስ ገበያ። ልጅ ሳለሁ ግን «ዐረብ ገበያ» ይመስለኝ ነበር። ሙሉ በሙሉም አልተሳሳትኩም። ዓርብ የሚለው ስም ከግዕዝ «ዐረበ»፣ ፀሐይ ገባች፣ ከሚለው ግስ ነው፤ የሰንበት ዋዜማ ማለት ነው። «ምዕራብ» የሚለውም ከዚያው ነው፤ እኛ በየምሽቱ የምንሰግደው «መግሪብ» የዚህ ቃል የዐረብኛ ወንድም ነው። ዐረቦችም ከእስልምና በፊት ዕለቱን «አል-ዐሩባ» ይሉት ነበር፤ «ጁምዓ» የሚለው ስም በኋላ የጸናው ነው። ስለዚህ በከተማዋ ስም ውስጥ ከጁምዓ በፊት የነበረው ስም ተቀምጦ አለ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በአገሩ ላይ ጦርነቱም ሌላውም ብዙ ነገር አልፎበታል። እኔ የምጽፈው በዚያ ጥር ስላየሁት ነው።

የደረስነው ሐሙስ ማታ ነው። የልጅቷ አባት እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሰዉ «ሼኽ» ይላቸዋል። እግራችን ታጠበ፣ እራት ቀረበ፣ ቡናው በሥርዓቱ ሦስት ጊዜ ተጠጣ። ከዚያ አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሐምዱንና ሰላዋቱን አቅርበው፣ የመጣንበትን ጉዳይ በአጭሩ ተናገሩ። «ልጃችሁን ለልጃችን ብላችሁ፣ ዝምድናችሁን ፈልገን ነው» አሉ።

ሼኹ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ስኒያቸውን እያዟዟሩ አተላውን ሲያዩ ቆዩና፣

«ልጄ ውድ ናት» አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። «ነገ ከጁምዓ በኋላ እንነጋገራለን፤ ደክማችኋል፣ ጋደም በሉ» ብለው ተነሡ።

ሦስታችንም ለእንግዳ በተነጠፈልን ክፍል ገባን። በሩ ገና ሳይዘጋ አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰምተሃል? ዋጋ ሊጠራ ነው።»

«እንወዳታለን ማለታቸው ሊሆን ይችላል እኮ ጋሼ» አልኩ።

«ልጁን የማይወድ ማን አለ? ያንንማ ለምን ይነግረኛል? ጅዳ ውስጥ ይህቺን አረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ‹ቢንቲ ጋሊያ› ይሉሃል፤ ቀጥለው ቁጥሩን ያስቀምጡልሃል። ቁጥሩን የሚከፍል ጠፍቶ ስንቱ ጎረምሳ እዚያ ሳያገባ ሸብቷል!»

አቦይ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ ሳቁ። «በእኛም ቋንቋ ‹ክብርቲ እያ› ቢል ኖሮ ሁለቱንም ያው ነው። የተከበረች ናት፤ ዋጋዋም አይቀመስም።»

አጎቴ ግን አልሳቁም። ለመህር ብለው ያዘጋጁት ገንዘብና ወርቅ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ያጠራቀመው ነው፤ ብዙም አይደለም። ሼኹ ከዚያ በላይ ከጠሩ በመጀመሪያው መኪና እንደሚመለሱ ተናገሩ። አጎቴን የሚያውቅ ይህ ማስፈራሪያ እንዳልሆነ ያውቃል። የአንድ ልጅ ትዳር በአንዲት ቅጽል ትርጉም ላይ ተንጠልጥሎ አደረ ማለት ነው።

እንቅልፍ ስላልመጣልን በዚህ ቃል ላይ ስንነጋገር አመሸን። እኔ የማስተምረውን ነገር አነሣሁ። ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛ፣ እስፓኝኛ፣ ፖርቱጋልኛና ሮማንኛ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ እናታቸው ላቲን ናት። ላቲን «ካሩስ» የሚል ቅጽል ነበራት፤ ውድ ማለት ነው፣ በልብም በገንዘብም። ልጆቿ ይህን ውርስ የተካፈሉት ግን እኩል አይደለም። ጣሊያን «ካሮ» ብሎ ደብዳቤውን ይጀምራል፤ ሱቅ ገብቶም ጫማው «ካሮ» ነው ብሎ ይወጣል። እስፓኛዊው ግን «ካሮ»ን ከሞላ ጎደል ለገበያ ትቶታል፤ ለሚወደው ሰው «ኬሪዶ» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ ጓደኛውን «ካሮ» ቢለው ዋጋ የሚያወጣበት ሊመስል ይችላል። ፈረንሳዩ «ሼር» የሚለውን ቃል በቦታ ይለየዋል፤ ከስሙ በፊት ካስቀመጠው የተወደደ፣ ከስሙ በኋላ ካስቀመጠው ዋጋው የናረ ይሆናል። ተማሪዎቼ በየዓመቱ በዚህ ይሳሳታሉ፤ «የተወደደ ጓደኛዬ» ሊሉ ፈልገው «ብዙ ብር የሚያስወጣኝ ጓደኛዬ» ይጽፋሉ። (አንዳንዴ እውነታቸውን ይሆናል።) ሮማንያውያን ደግሞ ከሁሉም የተለዩ ናቸው። የእናታቸውን ቃል ትተው ከስላቭ ጎረቤቶቻቸው «ስኩምፕ» የሚል ቃል ወሰዱ፤ ቃሉ ባዕድ ሆኖ ሳለ እንደገና ሁለቱንም ትርጉም ተሸክሞ ተገኘ! እኛ በእርዳታ ድርጅትነቱ የምናውቀው «ካሪታስ» የሚለው ስምም ከዚሁ ከካሩስ የወጣ ነው፤ ዋጋው በተወደደ ዘመን እህል የሚያድል ድርጅት ስሙን ከውድነት አገኘው ማለት ነው።

አቦይ በጥሞና ሲሰሙ ቆይተው፣ «የእኛም ሰፈር ከዚህ አይለይም» አሉ። እውነታቸውን ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ግዕዝና ዐረብኛ ዘመዳሞች ናቸው። «ክቡር» በግዕዝ የተከበረ ማለት ነው፤ «ዕንቍ ክቡር» ሲልም የከበረ ድንጋይ ነው። አማርኛ ቃሉን ለማዕረግ ያዘው፤ ነገር ግን ገንዘብን ጨርሶ አልረሳም፣ «ነግዶ ከበረ» እንላለን፤ ደርግም «ከበርቴ» የሚለውን ስድብ ያገኘው ከዚሁ ነው። ትግርኛ ግን ክቡርን ገበያ ድረስ ወሰደው። አቦይ ይህን ሲያስረዱ፣ «አዲስ አበባ በመጣሁ ሰሞን በራዲዮ ‹ክቡር ሚኒስትሩ› በተባለ ቁጥር፣ ስንት ያወጡ ይሆን እያልኩ እስቅ ነበር» አሉ። ዐረብኛ ደግሞ ይህንኑ ሥር ለትልቅነት አደረገው፤ «ከቢር» ትልቅ ነው፤ በሶላታችን የምንለው «አላሁ አክበር» ከዚሁ ነው። ሐረር ላይ «ከቢር» ከተባለ የሃይማኖት መምህር ነው። አንድ ሥር ነው፤ አንዱ ዘንድ ትልቅ፣ አንዱ ዘንድ የተከበረ፣ አንዱ ዘንድ ዋጋው የናረ፣ አንዱ ዘንድ ኡስታዝ።

አጎቴ በዐረብኛ በኩል አንድ የሚገርም ነገር አነሡ። የእኛ «ወደደ» በዐረብኛ «ወድደ» ነው፤ ፍቅር ማለት ነው፤ «አል-ወዱድ» ከአላህ (ሱ.ወ.) ስሞች አንዱ ነው፤ በሱረቱ ሁድና በሱረቱል ቡሩጅ ይገኛል። በኒካህ ወረቀቶች ላይ የምናየው፣ ስለ ባልና ሚስት በሱረቱ ሩም የተነገረው «መወዳ»ም ይኸው ነው። ነገር ግን ዐረብ ይህን ሥር ለዋጋ አይጠቀምበትም። ለዋጋ «ጋሊ» ይላል። ሥሩ «ገለወ» ነው፤ ከልክ አለፈ ማለት ነው። በሃይማኖት ድንበር ማለፍ «ጉሉው» የሚባለውም ከዚያው ነው። ኡመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) መህርን እንዳታስወድዱ ብለው ሰዉን ሲመክሩ የተጠቀሙበት ግስ ይኸው እንደነበር በሐዲስ ኪታቦች ተዘግቧል። ይሁን እንጂ ዐረቡ የሚወደውንም ሰው መልሶ «ያ ጋሊ» ይለዋል። ሶማሌውም ኦሮሞውም ዘንድ «ቃሊ» ሲባል ይሰማል፤ ትርጉሙም ያው ነው።

«እንግዲህ» አሉ አጎቴ፣ «ሰው ሁሉ ሁለቱን ይቀላቅላል ማለት ነው። ይህ ግን ለነገ አይረዳኝም።»

መብራቱን አጠፉት።

ዓርብ ጠዋት ገበያው ገና ፀሐይ ሳይሞቅ ሞልቶ ነበር። ከየአቅጣጫው ሰው ይገባል፤ ከስማዳ በኩል የመጡ አሉ፣ ከወሎ በኩል ገደሉን የወጡ አሉ። ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ አብሽ፣ ኑግ፤ ፍየሎች በአንድ ወገን፣ የሸማኔ ጋቢ በሌላ ወገን፤ ፕላስቲክ ጫማ በሸራ ላይ ተከምሮ። ወደዚያ የሄድኩት ጆሮዬን ይዤ ነበር። «ውድ» የሚለውን ቃል ስሰማ ልብ ልል።

ያስተዋልኩት አንደኛው ነገር ሻጭ ፈጽሞ እንደማይለው ነው። «ውድ» የገዢ ቃል ነው። ሻጩ «ዋጋው ነው» ይላል፣ ወይም «ከዚያ ያስመጣሁበት ነው» ይላል። ገዢው ደግሞ «ውድ ነው» ብሎ ሦስት እርምጃ ይራመዳል፣ ዘወር ይላል። ሼኹ ነጋዴ ናቸው። ታዲያ እሳቸው የገዢውን ቃል ለምን ተናገሩ? ይህ በውስጤ ተቀመጠ።

ሁለተኛው፣ የግሱ ነገር ነው። በአማርኛ «ተወደደ» ስንል ሰው ወደደው ማለትም ዋጋው ናረ ማለትም ነው፤ አንድ ፊደል አይለያቸውም። አንዲት ዶሮ የያዙ እናት ዋጋቸውን ሲነግሩኝ «ተወደደብኝ እናቴ» አልኳቸው። «እሰይ!» አሉኝ፣ «የተወደደ ነገር ይዘህ ብትገባ አይሻልህም?» ዶሮዋን ገዛኋት። ምን አደርጋለሁ? (ይህን ስጽፍ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ግስ በየቤታችን ሥራ እንደበዛበት አስባለሁ። «ኑሮ ተወደደ» የሚለውን ሐረግ አንድ ባዕድ ቃል በቃል ቢተረጉመው፣ ኢትዮጵያውያን ኑሯቸውን እንዴት ቢወዱት ነው ብሎ ይቀናብን ነበር።)

ሦስተኛው ተቃራኒው ነው። «ርካሽ» የምንለው ከ«ረከሰ» ነው፤ በግዕዝ ጥንተ ትርጉሙ ቆሸሸ፣ ነጃሳ ሆነ ማለት ነው። «ርኩስ» እና «ርካሽ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ትግርኛ «ሕሱር» ይላል፤ ውስጡ የተናቀ የሚል ትርጉም አለበት። ዐረብኛ ግን «ረኺስ» ነው የሚለው፤ ዘመዱ «ሩኽሳ» ነው፤ መንገደኛ ሶላቱን እንዲያሳጥር፣ ሕመምተኛ እንዲያፈጥር የተሰጠው ማግራሪያ። ለዐረቡ ነገር ሲረክስ ገራ፣ ቀለለ ማለት ነው፤ ለእኛ ግን ነገሩ ራሱ ወረደ። ለምን እንዲህ እንደሆነ አላውቅም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቼ ፊት «ርካሽ» ስል አፌ ላይ ይከብደኛል።

የጁምዓ አዛን ሲደርስ ገበያው አልቆመም። ሙስሊም ነጋዴዎቹ ግን አንድ በአንድ ተነሡ። ሸራቸውን በእህሉ ላይ ጣል አድርገው፣ ከጎናቸው ላለው ክርስቲያን ጎረቤት «እይልኝማ» ብለው ሄዱ። አንዱ ጎረቤት የሁለት ሰው ገበያ ይዞ፣ የራሱን ጨው በአንድ እጁ እየሰፈረ፣ የሌላውን ሽምብራ ዋጋ ለጠያቂ ይናገር ነበር። ከሶላት ስንመለስ የሸጠለትን ቆጥሮ ሰጠው። በሱረቱል ጁምዓ ሶላቱ ሲጠራ ንግድን ትታችሁ ሂዱ፣ ሲያበቃ ደግሞ ተበተኑና ሲሳይን ፈልጉ የሚለው ትእዛዝ አርብ ገበያ ላይ በጎረቤት ነው የሚፈጸመው።

ከሶላት በኋላ ወደ ሼኹ ቤት ተመለስን። በዚህ ጊዜ እናታቸውም ነበሩ፤ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን የማይሳተው አሮጊት። ልጅቷ ከመጋረጃ ወዲያ ከእናቷ ጋር ነበረች። አጎቴ ለመጨረሻ ጊዜ ኪሳቸውን ዳሰሱ።

«ሼኽ» አሉ፣ «ማታ ልጄ ውድ ናት ብለውናል። እኛም አቅማችንን እናውቃለን። ዋጋውን ይንገሩን።»

ሼኹ ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ያልገባቸው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ገባቸውና ፊታቸው ተለወጠ።

«ዋጋ?» አሉ። «አስታግፊሩላህ። እኔ የትላንቷን አስቤ ነው።»

የትላንቷ የሚሏት ታላቋ ልጃቸው ናት። ከዓመታት በፊት፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ በሽሎ ማዶ ላለ ባለሀብት ድረዋት ነበር። ሕጉ አሥራ ስምንት ዓመት ቢልም በጊዜው የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እሷንም ማንም አልጠየቃትም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተመለሰች። ከዚያ በደላላ ዐረብ አገር ሄደች፤ ስድስት ዓመት ሆናት። ብር ትልካለች፤ ድምፅ አትልክም።

«ያቺን በርካሽ ሰጠኋት» አሉ ሼኹ።

«መህሩ አነስተኛ ነበር?» አሉ አቦይ፣ በቀስታ።

«መህሩማ ውድ ነበር። ልጄን ነው ያረከስኳት።»

ክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የሚሰማው የከሰሉ ድምፅ ብቻ ነበር። እኔ በዚያች ሰዓት የላቲኑንም የግዕዙንም ረሳሁት።

ያን ጊዜ አሮጊቷ ተናገሩ። ወደ እኛ ሳይሆን ወደ መጋረጃው ነበር ፊታቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «በውድ ነው በግድ?»

አንባቢዎቼ ይህን ያስተውሉልኝ። እኛ ሌሊቱን ሙሉ ሁለት ትርጉም ይዘን ስንሟገት አደርን። ይህቺ ፊደል ያልቆጠሩ እናት ሦስተኛውን አወጡት። አማርኛ «በውድ» ሲል ሁልጊዜ በብዙ ብር ማለቱ አይደለም፤ በፈቃድ ማለትም ነው። «በውድም በግድም» እንላለን። «ወዶ ገባ» እንላለን። «ውዴታ» ፈቃድ ነው። ፈረንሳዩ «ሼር»ን ይዞ ወደዚህ ሊደርስ አይችልም፤ ጣሊያኑም «ካሮ»ን፤ ዐረቡም «ጋሊ»ን። ዐረብኛ «ወድደ» ሲል መመኘትንም ይጨምራልና እሱ ይቀርባል። ሸሪዓውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃገረድ ሳትጠየቅ እንዳትዳር ማዘዛቸውን፣ ዓይናፋር ብትሆን ዝምታዋ ፈቃዷ ሆኖ እንደሚቆጠር ማስተማራቸውን ማን የማያውቅ አለ? እናውቀዋለን፤ ከዚያ ዝምታዋን ሳንጠብቅ ዝም እናሰኛታለን።

አጎቴ ዝምታዋን እየጠበቁ ነበር፤ እንደ ሥርዓቱ። ልጅቷ ግን ዝም አላለችም።

«ወድጄ ነው እማማ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ግን ትምህርቴን ሳልጨርስ አልሄድም።»

የነርስነት ትምህርቷ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይቀረው ነበር። አጎቴ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ አቦይ። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ቅር ይለው እንደሆነ አናውቅም ነበር፤ ስልክ ደወልንለት። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በሦስተኛው «እጠብቃለሁ በሏት» አለ። መህሩን እሷው ጠራችው፤ አጎቴ ካዘጋጁት ያነሰ ነበር። አጎቴ የቀረውን ወርቅ ለአሮጊቷ በስጦታ ሊሰጡ ቢሞክሩ «እኔ ወርቅ ምን ያደርግልኛል፣ ለትልቋ ላኩላት» አሉ። ሼኹ ወደ ውጪ ወጡ፤ ለጥቂት ጊዜ አልተመለሱም።

ኒካሑ የታሰረው ልጅቷ ከተመረቀች በኋላ ነው፤ እኔ የጥሪ ወረቀቱን እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። «ውድ ወንድማችን» ልበል «ክቡር ወንድማችን» ብዬ ስልክ ደውዬ አቦይን ብጠይቃቸው፣ «የትግራይ ዘመዶቼ ክቡር ካልክ መግቢያው በክፍያ ነው ብለው እንዳይቀሩ» አሉኝ። «ውድ» ብዬ ጻፍኩ።

ያን ዕለት ግን ገና ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ዶሮዋን እዚያው ትተንላቸው፣ የሽምብራ ቆሎ በፌስታል ተሰጥቶን መኪና ወደሚቆምበት ወረድን። ረዳቱ እስከ ነፋስ መውጫ የጠየቀን ስንመጣ ከከፈልነው በላይ ነበር። «ትናንት ገበያ ነበር፣ ዛሬ መኪና የለም» አለ። አጎቴ በጅዳ ዐረብኛቸው «ጋሊ!» ብለው አጉረመረሙ። አቦይ «ክቡር እዩ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሁለቱም ገብተው በመስኮት በኩል ተቀመጡ፤ ወጣቱ እኔ ስለሆንኩ የሦስታችንንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።